ለልቅሶ የጠበቀ ሽቦ

እህቴ ጉዴ ጥርሷን የምታደርገው ለእንግዳ ነው፤ ስትበላ ታወልቀዋለች። ይህን ያወቅኩት ጥርሱን በሠራሁላት በሦስተኛው ዓመት፣ አንድ ሐሙስ፣ ሳልደውል ጉደር ቤቷ በመሄዴ ነው። ሳልደውል የሄድኩት መብራት ስለጠፋ ነው። አምቦ ላይ መብራት ሲጠፋ እኔ ሥራ የለኝም፤ የምሠራበት የጥርስ ክሊኒክ ጄኔሬተሩን የሚያስነሳው ለሐኪሙ ወንበር እንጂ ጓሮ ክፍል ለምቀመጠው ለእኔ ለቴክኒሻኑ አይደለም። ማለስለሻው ሞተር ካልዞረ ቁጭ ብሎ ግድግዳ ማየት ነው። አራት ሰዓት ላይ ጠፋ፣ አምስት ሰዓት ሆነ፣ አልመጣም። እህቴ ጋ ምሳ ልብላ ብዬ ሠላሳ ብር ከፍዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ወንድም እህቱ ቤት ሳይደውል ቢገባ ምን ነውር አለው? አለው ለካ።

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ስገባ እቴቴ፣ እህቴን የምጠራት እንዲህ ነው፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ወደ ግድግዳው ዞራለች፤ አውራ ጣቷን ወደ ላንቃዋ ሰዳ ጥርሱን እየፈነቀለች ነው። ሲወጣ ነጭ ማስቲካ ተከትሎት ተዘረጋ። በጣቷ በጠሰችው፣ ጥርሱን ሻይ ብርጭቆ ውስጥ ጣለችና ወደ ማዕዱ ዞረች። ጠረጴዛው ላይ ለኦቦ ገቢሳ፣ ለባሏ፣ እንጀራ በወጥ ቀርቧል፤ ለእሷ ደግሞ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ሽሮ የተፈተፈተበት፣ ለጨቅላ የሚሰጥ ዓይነት የራሰ ፍትፍት ነበር። ስታየኝ ማንኪያውን ለቀቀችና እጇ ወደ አፏ ሮጠ። ኦቦ ገቢሳ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው «ያ ተሬፋ፣ ና ግባ» አሉ፤ ዓይናቸው ግን እኔን አላየም፤ መስኮቱ ላይ ያለውን ሬዲዮ ነበር የሚያዩት። የገዛ እጄ ሥራ ብርጭቆ ውስጥ ጥርሱን ገልጦ ያየኛል።

እስቲ ይታያችሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ እዚያ ቤት ስሄድ እህቴ አብራኝ በልታ አታውቅም። አንዴ «አሁን ነው የበላሁት» ትላለች፣ አንዴ ሆዷን ያማታል፣ ጾም ባልሆነ ቀን ሳይቀር የግል ጾም ነው የያዝኩት ትለኛለች። ላጉርስሽ ብዬ እጄን ስዘረጋ ፊቷን ታዞራለች፤ «አንተ ብላ፣ ከሥራ ነው የመጣኸው» ትላለች። እኔ ሞኙ ደግሞ ክብሬ መስሎኝ እኮ ነው! እናታችን ስትሞት የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ አዝላ ያሳደገችኝ፣ አዲስ አበባ ኮሌጅ ልካ ያስተማረችኝ እሷ ናት። አሁን ሰው ሆኜ፣ ነጭ ጋውን ለብሼ፣ ታላቅ እህቴ ከጎኔ ቆማ ስታስተናግደኝ ደስ ይለኝ ነበር። ወጡን ጠርጌ በልቼ፣ እጄን ታጥቤ፣ «እቴቴ ሙያሽ» ብያት እሄድ ነበር። እሷ ከሸኘችኝ በኋላ ነበር ለካ ወደ ግድግዳው የምትዞረው።

አፍሽን ክፈቺ አልኳት። እምቢ አለች። ምግቡ ይቀዘቅዛል አለች፣ ዶሮዎቹ ወደ ጓዳ ገቡ አለች፣ ደግሞ ማነው ሳይደውል የሚመጣ አለች። እጇን ይዤ ወደ መስኮቱ ወሰድኳት። ጥርሱን ስሠራላት ከላይ አራት የራሷ ጥርስ ነበራት፤ በቀኝ ሁለት፣ በግራ ሁለት። ሌላው በየወሊዱና በየዘመኑ እየታመመ ተነቅሎ ያለቀ ነው፤ እኛ አገር ያመመ ጥርስ መድኃኒቱ ጉጠት ነው። በእነዚያ አራት ነበር የተማመንኩት። አሁን ያለው አንድ ብቻ ነው። እሱንም በጣቴ ስነካው ወዲያና ወዲህ አለ። የቀሩት ሦስቱ ቦታ ድድ ሆኗል፤ የእኔ ሽቦዎች ምንም ነገር ሳያቅፉ በባዶ ቦታ ተቆልምመው ቀርተዋል። ለዚህ ነው ማስቲካው። ከሱቅ ገዝታ፣ አኝካ፣ ከላንቃዋ ጋር ታጣብቀውና እንግዳ ትቀበላለች፤ እንግዳው ሲሄድ ታነሳዋለች።

የቀረውን የነገሩኝ ኦቦ ገቢሳ ናቸው፤ እሷማ አፏን በነጠላዋ ሸፍናለች። የመጀመሪያው ጥርስ በዓመቱ ሄደ። ማታ ጥርሱን ስታወልቅ የራሷ ጥርስ ከሽቦው ጋር ተያይዞ ወጣ፤ ደሙ ትራሱን አበላሸው። ያን ጊዜ ለተሬፋ እንንገረው አልኳት አሉ፤ «ብትነግረው አታገኘኝም» አለችኝ አሉ። ሁለተኛው ማመም ሲጀምር ገበያው ዳር ወደተቀመጠው ሰዓት ሠሪ፣ ወደ ቦጂያ፣ የሠራሁላትን ጥርስ ወስዳ በሰዓት መፍቻ ሽቦውን አስላላችው። እኔ ወንድሟ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ላይ ተቀምጬ፣ እህቴ ጥርሷን ለሰዓት ሠሪ! ቦጂያ እጁ ደህና ነው፤ ግን ዘግይቶ ነበር፤ ሁለተኛውም ሦስተኛውም ሄዱ። ጎጆ በሚባለው ከተማ ጤና ጣቢያ የምትሠራው ልጃቸው ሃዋኒም ታውቃለች። ባለፈው ፋሲካ ዶሮውን እየቆራረስኩ ስሰጣቸው ሁሉም ያውቁ ነበር ማለት ነው፤ ልጅቷም አባትየውም አቀርቅረው ሲበሉ ነበር። ሆድ ይፍጀው ብለው ዝም። ኦቦ ገቢሳን ተቆጣኋቸው፤ እንዴት አንድ ቃል አይሉኝም አልኳቸው። የህብረት ሥራ ማህበር ጸሐፊ ሆነው ጡረታ የወጡ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ እሷን ታውቃታለህ» አሉ፤ እንጀራቸውንም ሳይጨርሱ እጃቸውን ታጠቡ።

ጥርስ መሥራት ጥርስ ማስመሰል ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ማስመሰሉማ ቀላሉ ነው። ኮሌጅ ያስተማሩን መምህር ገለታ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሰው ሠራሽ ጥርስ እንግዳ ነው ይሉ ነበር፤ እንግዳ ደግሞ ባለቤቱን ከቤት ማስወጣት የለበትም። የጎደለው ጥርስ ሸክም የሚያርፈው በቀሩት ጥርሶችና በድዱ ላይ ነው፤ ያንተ ሥራ ሸክሙን ማካፈል ነው ይሉን ነበር። መጀመሪያ ማን ቀርቷል፣ ሥሩስ ምን ያህል ይችላል ብለህ ትጠይቃለህ። ከዚያ በቀረው ጥርስ አናት ላይ ግማሽ የሩዝ ፍሬ የምታህል ማረፊያ ይቆፈርለታል፤ ሲያኝክ ጭነቱ በዚያ በኩል ወደ ሥሩ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ሰው ሠራሾቹ ጥርሶች የተተከሉበት ሳህንም ድዱ ውስጥ አይሰምጥም። ሽቦው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ሽቦ ያቅፋል እንጂ አያንቅም፤ የሚሳብ ነገር ሲመጣ ብቻ ይይዛል፣ ሌላ ጊዜ ጥርሱ ሽቦ መኖሩንም ማወቅ የለበትም። ይህን ሁሉ ፈተና ላይ ጽፌ ከክፍሉ ሁለተኛ ወጥቻለሁ። ብትቀሰቅሱኝ ከእንቅልፌ ተነስቼ እነግራችኋለሁ።

ታዲያ ለእህቴ ለምን እንዲህ ሠራሁ? ልቅሶ ነው ጉዱ። ጥርሱን በሠራሁላት ዓመት አምቦ ውስጥ የአንድ እህል ነጋዴ ሚስት ወንድሟ ሞቶባት፣ ድንኳን ሙሉ ሰው ፊት ደረቷን እየደቃች ስታለቅስ፣ ሰው ሠራሽ ጥርሷ ከአፏ ተስፈንጥሮ ምንጣፉ ላይ ወደቀ። ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ በነጠላው ተሸፍኖ ሳቀ፤ ሳቁ ከቀብሩ በፊት ጉደር ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ጥርስ ሊያሠራ የሚመጣ ሁሉ የሚጠይቀው ይበላበታል ወይ ብሎ አይደለም። «አይወድቅም ወይ?» ነው ጥያቄው። እህቴ ደግሞ ጉደር ውስጥ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቃት ሙሾ አውራጅ ናት፤ እሷ ያልደረሰችበት ልቅሶ ልቅሶ አይባልም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ትላለች፤ ስታለቅስ በሙሉ አፏ ነው። ያ ሳቅ እሷ ላይ ሲደርስ ታየኝ። ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ እኔ ላይ ሲደርስም ታየኝ፤ «ወንድሟ የሠራላት ነው» ሲባል። ስለዚህ ወፍራሙን ሽቦ አነሳሁ፣ አራቱንም ጥርሶች በሁለት በኩል አስያዝኳቸው፣ ጠበቅ አደረግኩት፣ ደግሜ ጠበቅ አደረግኩት። ማረፊያም አልተቆፈረም። ደህና ጥርሴን አታስነኩብኝ ብላ ነበር፤ ሐኪሙም ጥርስ ሞርዶ ማረፊያ አውጥቶ አያውቅም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ጥርሱ ብትጮህ፣ ብታስነጥስ፣ ብትዘል አይወልቅም ነበር። ኮርቼበታለሁ። ከዚያ ወዲህ የአምቦንም የጉደርንም የጎጆንም ሰው ጥርስ እንደዚያ ነው የሠራሁት። ተመልሶ የመጣ ስለሌለ ሁሉም ደስ ብሎት ነው ብዬ አምኜ ነበር። ሰው የሚመለሰው ሲከፋው ነው ብለን እናስባለን፤ ሲከፋው ቤቱ ተቀምጦ ፍትፍት እንደሚበላ ማን አሰበ?

ተነሽ፣ አምቦ እንሄዳለን አልኳት። ለምን አለች። የሚወዛወዘው ጥርስ ምን ተስፋ እንዳለው ዶክተር ይይልሽ አልኳት፤ ካልሆነም አዲስ እሠራልሻለሁ። ከብርጭቆው ጥርሱን አወጣች፣ አጠበች፣ ከኪሷ ማስቲካ አውጥታ ማኘክ ጀመረች። ለመንገድ ነው። በድዷና በምላሷ መሀል እያንከባለለች ስታላምጥ ማየት አልቻልኩም፣ ደጅ ወጥቼ ጠበቅኳት። ሚኒባስ ውስጥ ከጎናችን የተቀመጠች ሴት አወቀቻት፤ «አዴ ጉዴ፣ አካም» ተባባሉ። ጤፉ ስንት ገባ፣ ዝናቡ ዘንድሮ እንዴት ነው፣ የእገሌ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገባ ተባለ። እቴቴ በዚያ ነጭ፣ የተስተካከለ፣ እኔ በሠራሁት ጥርስ ፈገግ አለችና «ወንድሜ ነው፣ የጥርስ ባለሙያው» አለቻት። ጥርስ ባዳ ነው የሚሉት እውነታቸውን ነው። ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞራ ለእናቷ ስንት እንደማስከፍል ጠየቀችኝ፤ እኔ ክሊኒኩን ጠይቂ አልኳት።

ስንደርስ መብራት መጥቷል። መጠበቂያው ክፍል ሰባት ስምንት ሰው አለ። ከግድግዳው ጥግ ከጎጆ የመጣች፣ ወፍራም ጋቢ የደረበች ሴት ተቀምጣለች፤ አዴ ሲንቄ ትባላለች። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተነስታ በዚያ በሚያንገጫግጭ መንገድ የመጣችው ጥርሷን ልትወስድ ነው፤ ጥርሱ እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ማለስለሱ ብቻ ነበር የቀረው፤ መብራቱ ነው ያስቀራት። እህቴን ሳላስጠብቅ ወደ ውስጥ አስገባኋት። ዶክተር ዘርትሁን የክሊኒኩ ባለቤት ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ሰላምታው ጥሩ ነው፣ በዓል ሲመጣ ዘይት ይሰጠናል። ግን ሩጫ ነው። የታካሚውን አፍ ልክ ወስዶ የጄሶ ቅርጹን ሲልክልኝ አብሮት የሚመጣ ወረቀት አለ፤ ወረቀቱ ላይ የመንጋጋ ሥዕል ታትሟል፤ ሐኪሙ ሽቦው የት እንደሚያዝ፣ ማረፊያው የት እንደሚሆን ሊስልበት ነው። በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ስሎበት አያውቅም። «እንደተለመደው» ብሎ ይጽፍበታል። የተለመደው እኔ ነኝ። አፉን ሳላይ፣ ሰውየውን ሳላውቅ፣ ጄሶ እያየሁ የወሰንኩት ነው።

ዶክተሩ የእቴቴን አፍ በባትሪ አየ፣ ጥርሱን ነካ፣ በምላሱ ቀጭ ቀጭ አደረገ። የቀረው ጥርስ አይድንም፣ አሁኑኑ መውጣት አለበት አለ። ከዚያ ጓንቱን እየለበሰ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ እኔ በደንብ የማውቀውን ንግግር ጀመረ። ማታ ማታ አላወለቁትም አላት። ከበሉ በኋላ አላጠቡትም፤ ሰው ሠራሽ ጥርስ እንክብካቤ ካላገኘ የጎረቤቱን ጥርስ ይበላል አላት። እኔ ራሴ ይህን ንግግር ስንቴ ብዬዋለሁ! ሽቦ ሲያም፣ ድድ ሲቆስል፣ ጥርስ ሲነቃነቅ «አላጠቡትም» ነው። ድሀ ሰው ደግሞ አላጠብክም ሲሉት አንገቱን ይደፋል፤ ታጥቦም ቢሆን። እህቴ ጥርሷን በሳሙናና በጨው ስታጥብ እጇ ሲሰነጠቅ ኖሯል፤ አሁን ወንበሩ ላይ ተንጋልላ፣ መብራቱ ዓይኗ ውስጥ እየበራ፣ ወደ እኔ አየችና መልሳ ወደ ጣሪያው አየች።

«አዎ ዶክተር» አለች፤ «የእኔ ጥፋት ነው።»

ቃል መናገር ነበረብኝ። እዚያው ነበርኩ፤ ከወንበሩ አንድ እርምጃ ላይ። አንድ ቃል። ዶክተሩ መርፌውን ሲሰጣት እጇ እጄን ፈለገ፣ ሰጠኋት። ጥርሱ ለመውጣት ጉጠት እንኳ ብዙ አላስቸገረም፤ ከውስጥ አልቆ ነበር። ጥጥ አስነከሳትና ውጭ ተቀምጠው ይጠብቁ አላት። እኔን ደግሞ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ የጎጆዋን ሴትዮ ቶሎ ጨርስላት፣ ሌሎቹም ልክ ሊሰጡ ይጠብቃሉ አለኝ። ወደ ጓሮ ክፍሌ ገባሁ። ሞተሩን አስነሳሁ። የአዴ ሲንቄን ጥርስ አነሳሁት፤ ሦስት ጥርስ ቀርቷታል፣ ሦስቱንም ወፍራም ሽቦ ይዟቸዋል፣ ማረፊያ የለውም። በራሴ ውሳኔ ያጠበቅኩት ባለፈው ሰኞ ነው። እንዳለ አለሰለስኩት። እህቴ «የእኔ ጥፋት ነው» ስትል ዝም ያልኩበት አፌ መረረኝ፤ ውኃ ጠጣሁ፣ አልለቀቀኝም።

ጥርሱን ይዤ ወደ መጠበቂያው ክፍል ስወጣ እቴቴ አዴ ሲንቄ አጠገብ ተቀምጣለች። ከጎጆ እስከ አምቦ ያለውን መንገድ፣ የገብሱን ዋጋ፣ የልጆቻቸውን ቁጥር ጨርሰው ወደ ጥርስ ገብተዋል፤ የእሷንም የሠራሁት እኔ ወንድሟ መሆኔን ነግራታለች። አዴ ሲንቄ ቅዳሜ የወንድሟ አርባ እንደሆነ፣ ከየአገሩ ዘመድ እንደሚመጣ፣ ወንድሟ በሞተ ዕለት አፏን በጋቢ ሸፍና እንዳለቀሰች ትነግራታለች። እህቴ ጥጡን በአንድ ጉንጯ አድርጋ፣ አፏን በነጠላዋ ከልላ፣ አይዞሽ ትላታለች። ሌሎቹም ወረፋ ጠባቂዎች ያዳምጣሉ። አዴ ሲንቄ እኔን ስታይ ጥርሷን እጄ ላይ አየችና ወደ እቴቴ መለስ ብላ፣ ጸጥ ባለ ድምፅ ጠየቀቻት።

«ትበይበታለሽ ግን?»

«ምን ማለትሽ ነው» አለች እህቴ። «ቆሎ ሳይቀር እቆረጥምበታለሁ። እጁ የተባረከ ነው።»

ጥጧን እንደነከሰች ነው ያለችው። ምራቋ ቀልቷል። ሰዎቹ ወደ እኔ በአክብሮት አዩኝ፤ አንድ ሽማግሌ «ይባርክህ» አሉኝ። ያን ጊዜ የሆነ ነገር ተበጠሰብኝ። ቅድም ከወንበሩ አጠገብ መናገር ሲገባኝ ያልወጣው ቃል አሁን፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ሳላስበው ወጣ።

«አዴ ሲንቄ፣ እህቴን አይስሟት» አልኩ። «በዚህ ጥርስ በልታ አታውቅም። አራት ጥርስ ነበራት፣ አራቱንም የነቀለው እኔ ያጠበቅኩት ሽቦ ነው። የእርስዎም እንደዚያው ነው የተሠራው።»

ዶክተር ዘርትሁን በሩን ከፍቶ ብቅ አለ፤ ሰምቷል። ሳቅ ብሎ፣ ተሬፋ ዛሬ ደክሞታል፣ እህቱ ታማበት ነው አለ፤ እኔን ያየበት ዓይን ግን ሥራህን ሰብስብ የሚል ነበር። ሽማግሌው ተነሱና በሌላ ቀን እመጣለሁ ብለው ኮፍያቸውን አንስተው ወጡ። አዴ ሲንቄ ጥርሱን ከእጄ ወስዳ አገላብጣ አየችው። ሽቦው ቢላላ ምን ይሆናል አለችኝ። ያኔ ሲያለቅሱ ሊወድቅ ይችላል፣ የራስዎ ጥርስ ግን ይቆያል አልኳት፤ አንድ ሳምንት ከሰጡኝ ደግሞ እንደሚገባው አድርጌ እንደገና እሠራዋለሁ አልኳት። ሳምንት የላትም። አንገቷን ነቀነቀችና ጥርሱን እንዳለ አፏ ውስጥ አስገባችው፤ ሽቦው ቀጭ ብሎ ያዘ። መስታወት ጠየቀች፣ ሰጠኋት። ረጅም ጊዜ ፊቷን አየች።

«ይሁን» አለች። «የወንድሜ አርባ ላይ መሳቂያ ከምሆን ጥርሴ ይነቀል።»

ከቅዳሜ በኋላ ይምጡና በነፃ አላላዋለሁ አልኳት። እሺ፣ ገለቶማ ብላ አመሰገነችኝ፤ ጋቢዋን አጣፋች። የጎጆ መንገድ ክረምት ሲገባ መኪና አያሳልፍም፤ እንደማትመለስ እሷም እኔም እናውቃለን። እቴቴ ያን ሁሉ ጊዜ ከመቀመጫዋ አልተነሳችም፤ እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ ወለሉን ታያለች። አዴ ሲንቄ ስትወጣ ሰላም እንኳ አልተባባሉም። ያቺ ሴት በአንድ ጊዜ ውሸታም አደረገቻት፤ ማለቴ እኔ አደረግኳት።

ወደ መናኸሪያ አብሬያት ሄድኩ። ባጃጅ ልያዝልሽ ስላት በእግሬ ነው አለች፤ ከፊቴ ሁለት እርምጃ ቀድማ ሄደች። ከሻይ ቤቶቹ ፊት ለፊት ስንደርስ ጥጡን ከአፏ አውጥታ በሶፍት ጠቀለለችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። እኔ ከኋላዋ እየተከተልኩ ማውራት አላቆምኩም። ቁስሉ ሲድን ሙሉ እሠራልሻለሁ፣ ሽቦ የሌለው፣ ላንቃሽ ላይ ራሱ የሚጣበቅ፤ ማታ ማታ እቆይና እሠራዋለሁ፣ ልኩን እኔው ራሴ እወስዳለሁ አልኳት። ቅድም ዶክተሩ ሲወቅስሽ ዝም ማለቴ ይቅር በይኝ አልኳት። እሱ ምንም አይደለም አለች፣ ሳትዞር። የጉደር ሚኒባስ ሊሞላ አንድ ሰው ነው የቀረው። እዚያ ስትደርስ ቆመች።

«ሦስት ዓመት» አለች። አፏ ደንዝዟል፣ ቃሉ ሁሉ ላላ ብሎ ነው የሚወጣው፤ ግን ሁሉንም ሰማሁት። «ገቢሳ ልንገረው ሲለኝ ከለከልኩት። ልጄን በእግዚአብሔር ስም አስምያታለሁ። ሠርግ ቤት ሳልበላ ተመልሻለሁ። አሥራ አንድ ሰው ልኬልሃለሁ ተሬፋ፤ አሥራ አንዱንም ቆሎ እቆረጥምበታለሁ ብዬ ነው የላክኳቸው። ዛሬ ማታ ጉደር ይሰማል። ነገ ልቅሶ ቤት አጠገባቸው ስቀመጥ ምን ልበላቸው?»

እኔ የምነግራቸው እኔ ነኝ አልኳት፤ ቤት ለቤት ዞሬ የሁሉንም ሽቦ አላላለሁ። ዓይኗ እንባ ሞልቶት አየችኝ። በሕይወቴ እንዲያ አይታኝ አታውቅም፤ ልጅ ሆኜ ብር ስሰርቃት እንኳ።

«አዲሱን አትሥራልኝ» አለች። «ዛሬም አልፈልግም፣ ነገም አልፈልግም። በባዶ ድዴ ያቆምኩልህን ስም አንተ በሙሉ ጥርስህ አፈረስከው።»

ወያላው «ጉደር፣ አንድ ሰው!» እያለ ይጣራል። ነጠላዋን ወደ ላይ ሳብ አድርጋ ገባች። ሞላለት፤ በሩን ጎትቶ ዘጋውና ሄዱ።